ሰሞኑን ጆሯችሁ ላይ ያለው የኦፔራ ቅጂ ምንድነው?

የሌሊት_አድማጭ፦
ሰላም የኦፔራ ሱሰኞች! እንደተለመደው ሰሞኑን ምን እየሰማችሁ ነው ምትለዋን ክር ልክፈታት። ሕግ የለም፣ ሙሉ ኦፔራም ይሁን አንድ አሪያ (አንድ ዘፋኝ ለብቻው ሚዘፍናት)፣ አዲስም ይሁን በሸክላ ዘመን የተቀረጸ፣ ብቻ ማን እንደዘፈነና ማን እንደመራ ጻፉ፣ ዓመት ስትጽፉ ደግሞ በፈረንጅ አድርጉት እንዳንምታታ። "አሪፍ ነው" ብሎ መሄድ ግን አይቻልም፣ የቱ ጋ ነው አሪፍ ሚሆነው፣ እሱን ንገሩን።

እኔ ልጀምር። የቨርዲ አይዳ ላይ ተጣብቄያለሁ። ልዕልቲቱ የኢትዮጵያ ስለሆነች አይደለም ብል ማንም አያምነኝም ግን ከምሬ ነው፣ የያዘኝ ፍቅረኛዋ የግብፁ ጦር አዛዥ ራዳሜስ ነው። ቼሌስቴ አይዳ ምትባለዋን አሪያ ታውቋታላችሁ፣ ኦፔራው ገና ተጀምሮ ሰው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ቴነሩም (ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) ጉሮሮው ሳይሟሟቅ ሚዘፍናት፣ መጨረሻዋ ላይ ከፍ ያለች ቢ ፍላት አለች፣ ቨርዲ ኖታው ላይ በለሆሳስ፣ እየከሰመች ትጥፋ ብሎ ነው የጻፈው። ታዲያ ስንቱ ነው ሚታዘዘው? አብዛኛው ደረቱን ነፍቶ ይለቃታል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ አለቀ። ሰሞኑን እሷን ኖታ ብቻ እያሳደድኩ ከቅጂ ቅጂ ስዘል ነው የከረምኩት። ፍራንኮ ኮሬሊ በ1967ቱ የዙቢን ሜህታ ቅጂ (ቢርጊት ኒልሰን አይዳ ናት፣ ግሬስ በምብሪ ተቀናቃኟ አምኔሪስ) በሙሉ ድምፁ ይገባና እየቀነሰ እየቀነሰ ክር እስክታክል ያሳንሳታል፣ ትንፋሹ ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ከቅርቦቹ ደግሞ ዮናስ ካውፍማን በ2015 ሮም ላይ ከአንቶኒዮ ፓፓኖ ጋ በተቀረጸው ላይ ለስለስ አድርጎ ያከስማታል። በዚህ ዘመን አንድ ሙሉ ኦፔራ ስቱዲዮ ገብቶ መቅረጽ ራሱ ብርቅ ስለሆነ እሱን ሙሉውን ስሙት፣ አንያ ሃርቴሮስም አለችበት።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦
እንደምን ከረማችሁ ልጆች። የሌሊት አድማጭ ጥሩ ነገር አነሳሽ። ስለዛች ቢ ፍላት አንድ ልጨምርልሽ፣ ቨርዲ ራሱ ቴነሮቹ እንደሚቸገሩባት ገብቶት ሌላ መውጫ ሰጥቷል፣ ላይኛዋን ኖታ በሙሉ ድምፅ ትዘፍንና የመጨረሻዎቹን ቃላት አንድ ኦክታቭ ወርደህ በቀስታ ትደግማቸዋለህ። የሚጠቀምበት የለም ማለት ይቻላል፣ መሪው ቶስካኒኒ ግን በ1949 በኤንቢሲ ሬዲዮ ሲመራው ሪቻርድ ታከርን እንደዛ ነው ያዘፈነው። መጀመሪያ ስትሰሚው ትደነግጫለሽ፣ ኋላ ሌላው ሁሉ ጩኸት ይሆንብሻል። ቶስካኒኒ ደግሞ አይዳን ቢያውቅ አይገርምም፣ በ1886 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ የ19 ዓመት ቼሎ ተጫዋች ሳለ ድንገት መሪ ጠፍቶ በትር የጨበጠው በዚሁ በአይዳ ነው፣ ያውም በቃሉ።

የኔ የሰሞኑ ያረጀ ያፈጀው ነው፣ የ1953ቱ የፑቺኒ ቶስካ። ማሪያ ካላስ፣ ዲ ስቴፋኖ፣ ቲቶ ጎቢ፣ ቪክቶር ዴ ሳባታ የላ ስካላን ኦርኬስትራ ይዞ። ሞኖ ነው፣ ይሁን። ሁለተኛው ገቢር ላይ ቶስካ የፖሊሱን አዛዥ ስካርፒያን በቢላ ከወጋችው በኋላ ያለችውን ቦታ ልብ ብላችሁ ስሙ፣ ኦርኬስትራው ድምፁን ያጠፋና ካላስ ሮም ሁሉ በዚህ ሰው ፊት ትንቀጠቀጥ ነበር የምትለዋን ሐረግ በአንድ ኖታ ላይ ትላታለች፣ ዘፈን አትሉት ንግግር አትሉት። ብዙ ሶፕራኖዎች (ከፍ ያለ ድምፅ ያላቸው ሴት ዘፋኞች) እዛ ጋ መጮህ ወይም ማልቀስ ይወዳሉ፣ እሷ ምንም አትጨምርም፣ ሬሳውን እያየች ያለች ሰው ነው የምትሰሙት። በስልሳዎቹ አጋማሽ ከጎቢ ጋር በስቴሪዮ ደግማዋለች፣ ጆርጅ ፕሬትር መርቶት፣ ድምፁ ይጠራል፣ እሷ ግን ያኔ ደክማለች። እኔ ከሁለቱ አንዱን ውሰድ ብባል ሳላስብ የድሮውን ነው።

ሚሚ_ይሉኛል፦
ጋሼ እርስዎ ሲጽፉ እኮ እዛው ያለሁ ነው ሚመስለኝ፣ እድሜ ይስጥልን 🙏

አይዳ ከተነሳ ሊዮንቲን ፕራይስን ሳይጠራ ሚያልፍ ሰው ካለ ተጣልተናል!! የሶልቲ ቅጂ፣ በ1962 የወጣው፣ ጆን ቪከርስ ራዳሜስ፣ ሪታ ጎር አምኔሪስ፣ ሮበርት ሜሪል ደግሞ የአይዳ አባት አሞናስሮን። ኦርኬስትራው አንዳንዴ ሶልቲ እሳት ለኩሶበት የሮጠ ይመስላል እሱን አልክድም ግን ሦስተኛው ገቢር ላይ፣ ናይል ዳር፣ ኦ ፓትሪያ ሚያን ስትዘፍን፣ ያቺ ከፍተኛዋ ኖታ ሃይ ሲ ከመምጣቷ በፊት ያለውን መስመር ስሙት፣ አትዘጋጅም፣ አትገፋም፣ በቃ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቀጥ ብላ ትወጣና እዛው ላይ ትቆያለች። ሰሞኑን ደጋግሜ ያየሁት ደግሞ ቪዲዮውን ነው፣ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ላይ የተሰናበተችበትን፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1985፣ 57 ዓመቷ ነው ያኔ። ከዛችው አሪያ በኋላ ሕዝቡ ለደቂቃዎች ያጨበጭባል፣ እሷ ከገጸ ባህሪዋ ላለመውጣት ስትታገል ፊቷ ላይ ይታያል፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ እጇን ግን አታነሳም ሰላም አትልም። እኔ እዛ ጋ ሁሌ ነው ማለቅሰው ምን ታረጉኛላችሁ።

ባስ_ባሪቶን፦
ሚሚ ትክክል። ግን ቪከርስም ይመስገን እንጂ፣ እንደ ወታደር ሚዘፍን ራዳሜስ እሱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ሁሉ ፍቅረኛ ናቸው።

የኔ የሰሞኑ የሙሶርግስኪ ቦሪስ ጎዱኖቭ፣ ዘፋኙ ቦሪስ ክሪስቶፍ። ሰውየው ስግብግብ ነው ሃሃ፣ በ1952ቱም በ1962ቱም ቅጂ ንጉሡን ቦሪስን፣ መነኩሴውን ፒሜንን፣ ሰካራሙን ቫርላምን ሦስቱንም ራሱ ነው የዘፈነው። የመጀመሪያው ይሻላል፣ ኢሳይ ዶብሮቨን ነው ሚመራው። ፒሜንን ሲሆን ድምፁን ያደርቀዋል፣ ሽማግሌ ብራና ላይ ሲጽፍ ነው ሚመስለው፣ ቫርላም ላይ ደግሞ ያንኑ ድምፅ ያሰክረዋል። መድረክ ላይ እንዲህ ማድረግ አይቻልም፣ ቅጂ የሚባለው ነገር ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

ዋግነር_ሱስ፦
ቅጂ ብቻ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ካላችሁ የዋግነር ዳስ ራይንጎልድ!!! ሶልቲ፣ ቪየና ፊልሃርሞኒክ፣ 1958፣ ፕሮዲዩሰሩ ጆን ካልሾ። በጥሩ ሄድፎን ከሰማሁት ጀምሮ ሰው ማናገር አቅቶኛል። ከምድር በታች ወዳለው ኒበልሃይም ሲወርዱ ዋግነር 18 የአንጥረኛ መስፍ ይጠይቃል፣ አብዛኛው ኦፔራ ቤት በቴፕ ወይ በጥቂት ብረት ያልፈዋል፣ ካልሾ ግን 18ቱንም አምጥቶ ነው ያስመታው፣ ኦርኬስትራው እየደበዘዘ መስፉ ብቻ ሚቀርበት ቦታ አለ፣ ዙሪያህን ነው ሚመቱልህ። ፍሪካን ደግሞ ምትዘፍነው ኪርስተን ፍላግስታድ ናት በ63 ዓመቷ፣ የዘመኑ ትልቋ ብሩንሂልደ (የዋግነር ጀግና ሴት) የነበረች ሴትዮ አሁን ተቆጪዋ ሚስት ሆና መጣች፣ እንዴት ያምራል።

በራይንጎልድ ሚጀምረውን የሪንግን አራት ኦፔራ ቀርጸው ሲጨርሱ 1965 ነው። የታሪኩን መጨረሻ፣ ጎተርደመሩንግን፣ ሲቀርጹ የተሠራ ዶክመንታሪ አለ፣ ኒልሰን ፈረሷን ምትጠራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ተንኮለኞቹ እውነተኛ ፈረስ አዳራሹ ውስጥ አስገቡባት 😂 ሴትዮዋ በሳቅ ስትሞት ታያላችሁ።

አንድ ስሞታ ግን፣ ማዳምጥበት አፕ (ስሙን አልጠራም) በትራክና በትራክ መሃል ትንሽ ዝምታ ይጨምርበታል። ዋግነር ላይ!! ሙዚቃው ለሁለት ሰዓት ተኩል ሳያቋርጥ እንዲፈስ የተጻፈ ነው፣ መሃሉን በየአራት ደቂቃው ሚቆርጡት ምን አደረጋቸው?

ሚሚ_ይሉኛል፦
ሴቲንግ ውስጥ ጋፕለስ ወይም ክሮስፌድ ሚል ካለ ፈትሽ፣ ክሮስፌዱን ዜሮ አርገው። ካልሆነ ሲዲውን ፈልግና ራስህ ኮምፒውተርህ ላይ ገልብጠው፣ ሌላ መላ የለውም።

ጀማሪ_ጆሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቆይቼ እያነበብኩ ነበር ዛሬ ደፈርኩ። ኦፔራ እወዳለሁ ማለት እፈራለሁ ምክንያቱም አሪያዎቹን ነው ምወደው፣ ኔሱን ዶርማን፣ ላ ዶና ኤ ሞቢሌን ምናምን፣ ሙሉውን ስጀምር ግን መሃል ላይ ይጠፋብኛል፣ ማን ማንን እንደሚያናግር አላውቅም፣ ቋንቋውንም አልሰማም፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። የቱን ቅጂ ልስማ? አጭር ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አትሳቁብኝ በናታችሁ።

የሌሊት_አድማጭ፦
ማን ይስቅብሃል፣ ሁላችንም የጀመርነው እንደዛ ነው። ላ ቦኤም! የካራያን፣ 1972፣ ፓቫሮቲና ሚሬላ ፍሬኒ፣ በርሊን ፊልሃርሞኒክ። ሁለት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ሊብሬቶውን (የኦፔራውን ግጥም) ከነትርጉሙ ከፍተህ ፊትህ አድርገው፣ በአንዴ አትጨርሰው፣ በቀን አንድ ገቢር። ፓቫሮቲና ፍሬኒ አንድ ከተማ ሞዴና ነው የተወለዱት፣ ከልጅነት ይተዋወቃሉ፣ መተዋወቃቸው ያስታውቃል፣ አንዳቸው ሲዘፍኑ ሌላው ሚሰማ ይመስላል።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦
የካራያኑ ያማረ ነው፣ ግን ለኔ ላ ቦኤም የ1956ቱ የቢቻም ነው፣ ዩሲ ብዮርሊንግና ቪክቶሪያ ዴ ሎስ አንኸሌስ። ካራያን ሁሉን ነገር ወርቅ ይቀባዋል፣ ድሃ አርቲስቶች ናቸው እኮ የሚበርዳቸው። ቢቻም ጋ ልጆቹ ድሃ ናቸው። ልጄ መጀመሪያ የሌሊት አድማጭ ያለችህን ስማ፣ ስትወደው ወደዚህ ትመጣለህ።

ዋግነር_ሱስ፦
አጭር ካልክ የባርቶክ ብሉቤርድ ካስል፣ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ዘፋኞቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ማን ማንን እያናገረ ነው ሚል ጣጣ የለም። ኢሽትቫን ከርተስ፣ ለንደን ሲምፎኒ፣ 1965፣ ክሪስታ ሉድቪግና ዋልተር ቤሪ፣ ያኔ ባልና ሚስት ነበሩ እና ታሪኩን ስታውቀው እሱ ትንሽ ያስፈራል። ሰባት የተዘጉ በሮች አሉ፣ ሴትዮዋ አንድ በአንድ ታስከፍታለች። አምስተኛው በር ሲከፈት ኦርኬስትራው ከነኦርጋኑ ሲ ሜጀር ላይ ይፈነዳል፣ ሉድቪግም ሜዞ (ወፈር ያለ የሴት ድምፅ) ሆና ሃይ ሲዋን ትለቃታለች። ድምፁን ቀነስ አድርገህ ጠብቅ ብዬሃለሁ፣ በኋላ ጎረቤት ጋ እንዳትጣላ።

ጀማሪ_ጆሮ፦
ሁለቱንም ዳውንሎድ እያረኩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ባሮክ_ብቻ፦
ሁልጊዜ ከቨርዲ እስከ ፑቺኒ፣ ከፑቺኒ እስከ ዋግነር፣ ከ1800 በፊት ሰው አልነበረም እንዴ? እኔ ጋ ሰሞኑን ሚደገመው የሌዮናርዶ ቪንቺ አርታሰርሴ ነው (ሠዓሊው አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው ተረጋጉ)፣ በ2012 የወጣው፣ ዲዬጎ ፋዞሊስ ከኮንቸርቶ ኮሎን ጋ። በ1730 ሮም ላይ ሲታይ ሴት መድረክ ላይ መውጣት ክልክል ስለነበር ሴቶቹንም ጭምር ወንድ ነው የዘፈነው፣ እነዚህም እሱን ተከትለው አምስት ካውንተር ቴነር (በሴት ድምፅ ከፍታ ሚዘፍኑ ወንዶች) ሰበሰቡ፣ ጃሩስኪ፣ ቼንቺች፣ ፋጆሊ፣ ሳባዱስ፣ ሚንየንኮ። የመጀመሪያው ገቢር መዝጊያ ላይ ፍራንኮ ፋጆሊ ቮ ሶልካንዶን ሲዘፍን፣ በማዕበል ስለተመታ መርከብ ነው፣ ከላይ ጫፍ ይነሳና ባሪቶን እስኪመስል ወደታች ይወረወራል፣ ድጋሚውን ሲዘፍን ደግሞ የራሱን ጌጥ ይጨምርበታል፣ ልክ እንደዛ ዘመን ዘፋኞች። አንድ ጊዜ ስሙና ከዛ ስለኮሬሊ ትንፋሽ አውሩኝ።

ባስ_ባሪቶን፦
ጌጥ ይጨምርበታል ስትል ደሜ ፈላ። የሌሊት አድማጭ ቨርዲ የጻፈውን ማን ይታዘዛል ብላ ነው ክሩን የከፈተችው፣ አሁን ደግሞ ያልተጻፈ ለሚጨምር ልናጨበጭብ ነው? አንዱን ምረጡ።

ባሮክ_ብቻ፦
ወንድሜ ባሮክ (የዛ ዘመን ሙዚቃ) ላይ መጨመሩ ነው የተጻፈው ሕግ! አሪያው መጀመሪያው ተመልሶ ይደገማል፣ ሲደገም እንዳለ ከዘፈንከው ሥራህን አልሠራህም ማለት ነው። ቨርዲ ሌላ ቪንቺ ሌላ።

ሚሚ_ይሉኛል፦
ቨርዲስ ቢሆን? ካላስ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በ1951 አይዳን ስትዘፍን፣ ዴል ሞናኮ ራዳሜስ፣ ሁለተኛው ገቢር ማለቂያ ላይ ቨርዲ ያልጻፋትን ሃይ ኢ ፍላት ከኮረሱም ከኦርኬስትራውም በላይ ወርውራ ይዛት ትቆያለች፣ ሕዝቡ አበደ። ቅጂው ሽርር ሚል ነው ጥራት የሚባል የለውም ግን ባስ ባሪቶን ያንን ሰምተህ ካልተነሳህ ደም የለህም።

ባስ_ባሪቶን፦
ተነስቻለሁ እኮ። ተነስቼ ነው ምቃወመው 😂 ያቺ ኖታ ስለ ካላስ እንጂ ስለ አይዳ ምንም አትነግረኝም። አይዳ በዛች ሰዓት አባቷ ታስሮ ፊቷ ቆሟል፣ ፍቅረኛዋን ለሌላ ሴት ሰጥተውባታል፣ የተሸነፈች ልጅ ናት፣ በድል አድራጊ ድምፅ ምን ልትል ነው?

ሸክላ_ሰብሳቢ፦
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን በዚህ ሚዛን ከሄድን የዶኒዜቲን ሉቺያንም መጣል ሊኖርብን ነው። ያ የእብደት ትዕይንት ላይ ሶፕራኖዋ ከፍሉቱ ጋር የምትፎካከርበት ረጅሙ ካዴንዛ (ድምፅ ማሳያው ጌጥ) የዶኒዜቲ አይደለም፣ እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የተጨመረ ነው። ዶኒዜቲ በመጀመሪያ ያሰበው ደግሞ ፍሉት ሳይሆን ግላስ ሃርሞኒካ ነበር፣ እርጥብ ጣት መስታወት ላይ ሲያሽከረክሩ የሚወጣው ድምፅ። ቤቨርሊ ሲልስ በ1970 ከቶማስ ሺፐርስ ጋር ስትቀርጽ እሱን መልሰውታል። ፍሉቱ ወፍ ነው፣ ያምራል፤ መስታወቱ ግን ልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ያም ሆኖ እኔ ሉቺያን ስፈልግ የማወጣው የካላስን የበርሊን ላይቭ ነው፣ 1955፣ ካራያን። ያ ስድስቱ አብረው የሚዘፍኑት ቦታ ሕዝቡ አላሳልፍ ብሎ እዛው አስደግሞታል፣ ቅጂው ላይ ሁለቴ ይሰማል።

ዋግነር_ሱስ፦
ከታማኝነት ከሆነ ወሬው ፉርትቬንግለር የመራው የዋግነር ትሪስታን ላይ ምን ትላላችሁ፣ 1952፣ ፍላግስታድ ኢዞልደ። ሁለተኛው ገቢር ላይ ያሉትን ሃይ ሲዎች ፍላግስታድ በዛ እድሜዋ አልፈለገቻቸውም፣ ኤሊዛቤት ሽቫርስኮፍ ናት ማይኩ ጋ ቀርባ የዘፈነችላት። የተጻፈው ኖታ አለ፣ የዘፈነው ሰው ግን ሌላ ነው 😅 ነገሩ ሲወጣ ፍላግስታድ በጣም ተከፍታ ነበር። ለኔ ግን እስከዛሬ ከተቀረጹት ትሪስታኖች የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው፣ ሁለት ኖታ ብድር ምንም አላጎደለበትም። መግቢያውን ስሙት፣ ቼሎዎቹ ሲነሱ ኦርኬስትራው ትንፋሽ ሚስብ ነው ሚመስለው።

ባስ_ባሪቶን፦
እሺ እሱን ይቅር ብያለሁ፣ ዋግነር የጻፈው ተዘምሯል፣ ማን ዘመረው የነሱ ጉዳይ ነው።

ጀማሪ_ጆሮ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁና፣ ብሉቤርድን ጨረስኩት!!! ሳልተኛ!!! አምስተኛው በር ጋ ድምፁን ቀንስ ተብዬ አልቀነስኩም እና ዘለልኩ። ቀጥሎ ኔሱን ዶርማ ያለበትን ቱራንዶትን ሙሉውን ልስማ ብዬ ነበር፣ የቱ ይሻላል? አንዳንዱ ቅጂ መጨረሻው ይረዝማል አንዳንዱ ያጥራል ሲሉ አይቻለሁ፣ እንዴት ነው?

የሌሊት_አድማጭ፦
ይኸው ሌላው የ"ማን ጻፈው" ጣጣ መጣ። ፑቺኒ በኖቬምበር 1924 ሳይጨርሰው ሞተ፣ ባሪያዋ ሊዩ ራሷን ያጠፋችበት ትዕይንት ድረስ ነው የሱ፣ የቀረውን ፍራንኮ አልፋኖ ከረቂቁ ተነስቶ ጨረሰው። በ1926 ላ ስካላ ላይ መጀመሪያ ሲታይ ቶስካኒኒ የፑቺኒ እጅ ያበቃበት ቦታ ሲደርስ በትሩን አስቀምጦ አቆመው፣ ከሁለተኛው ትርኢት ጀምሮ ግን ከነመጨረሻው ተጫወቱት፣ እሱም አልፋኖ ከጻፈው ላይ ቶስካኒኒ ብዙ ካስቆረጠ በኋላ። አብዛኛው ቅጂ ያ የተቆረጠው ነው።

ለመጀመሪያ የሜህታን ስማ፣ 1972፣ ጆአን ሰዘርላንድ፣ ፓቫሮቲ፣ ካባዬ ሊዩን፣ ጊያውሮቭ ቲሙርን። አንተ ምታውቃት ኔሱን ዶርማ፣ በ1990 ዓለም ዋንጫ ሰዓት ሁሉም ሰው አፍ ላይ የገባችው፣ ከዚሁ ቅጂ የወጣች ናት። ሰዘርላንድ ቱራንዶትን መድረክ ላይ ተጫውታው አታውቅም፣ ያ ግን አያሳስብህ። ከዛ የፓፓኖን፣ በ2023 የወጣው፣ ራድቫኖቭስኪ፣ ካውፍማን፣ ኤርሞኔላ ያሆ፣ እሱ ላይ አልፋኖ የጻፈው ሳይቆረጥ ሙሉው አለ።

ባስ_ባሪቶን፦
ሙሉው ይረዝማል እንጂ አይሻልም። ቶስካኒኒ መቀሱን ያለ ምክንያት አላነሳም።

ሚሚ_ይሉኛል፦
እኔ ደግሞ አልስማማም፣ በአጭሩ ላይ ልዕልት ቱራንዶት አንዴ በመሳም ብቻ ከበረዶ ወደ ሰው ትቀየራለች፣ ያሳፍራል። ረጅሙ ላይ ቢያንስ ጊዜ ይሰጣታል፣ ራድቫኖቭስኪ እዛ ላይ ስትፈራ ትሰማለህ። በ2002 የተሰማው የሉቻኖ ቤርዮ መጨረሻም አለ፣ እሱ ጭራሽ በጩኸት አያልቅም፣ ዝም እያለ ነው ሚያልቀው፣ ሪካርዶ ሻዪ ቀርጾታል። ጀማሪ ጆሮ ሦስቱንም መጨረሻ አንድ ቀን ላይ ደርድረህ ስማና የቱን እንደምትመርጥ ጻፍልን፣ ግን መጀመሪያ ኦፔራውን ከነሊብሬቶው ጨርስ፣ ሊዩን ሳታውቃት መጨረሻው ምንም አይገባህም።

ጀማሪ_ጆሮ፦
እሺ። ሦስት ገቢር ነው አይደል? ዛሬ የመጀመሪያውን ብቻ።

ዋግነር_ሱስ፦
የመጀመሪያው ገቢር ማለቂያ ላይ ጎንጉን ሦስቴ ሲመታው አሁንም ድምፁን አትቀንስ።